ሌንሴን ያወለቅሁ ሰሞን

እንድርያስ መጀመሪያ ያወቀኝ በሌንስ ነው። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ዊንጌት አካባቢ ወደምሠራበት ፎቶኮፒ ቤት የፈተና ወረቀት ሊያባዛ ሲመጣ፣ መነጽሬን ትቼ ዓይን ውስጥ የሚገባውን ሌንስ ማድረግ ከጀመርኩ አሥር ቀን ቢሆነኝ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነው። ወረቀቱን እስካስተካክል ሲያየኝ ቆየና ዓይኔ እንደሚያምር ነገረኝ። እዚያው ወደድኩት። መነጽሬ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ፣ ዓይኔን ምስር የሚያሳክል መሆኑን ታዲያ ምን ቆርጦኝ ልንገረው?

ሌንሱን የሸጠችልኝ ባለሙያ ሕጉን አንድ በአንድ አስጠንታኛለች። እጄን በሳሙና ታጥቤ ሳላደርቅ እንዳልነካው፣ ውኃ የሚባል ነገር እንዳላስጠጋው፣ ማጠቢያ ፈሳሹን በየቀኑ እንድለውጥ፣ አድርጌው እንዳልተኛ፣ ወር ሲሞላው እንድጥለው፤ ዓይኔ ከቀላ ደግሞ ወዲያው አውልቄ ሐኪም ጋ እንድሄድ። ሁለት ወር አክብሬዋለሁ። ከዚያ ከእንድርያስ ጋር እንጦጦ መውጣቱ፣ የቤተ ክርስቲያን ኳየር ልምምዴ፣ ሥራው ተደራረበ። ፈሳሹ ያለቀ ቀን በቧንቧ ውኃ አለቅልቄ አደረግሁት። ምንም አልሆንኩም። ምንም ስላልሆንኩ ደገምኩት። የአንድ ወሩ ሌንስ ሦስተኛ ወሩን ያዘ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ቀኝ ዓይኔ ደም መስሎ፣ ብርሃን እንደ መርፌ እየወጋኝ ነቃሁ። ሐኪሟ ብሌኔ ላይ ቁስል አለ አለችኝ። ሁለት ቀን ዘግይቼ ቢሆን ጠባሳ ይተውብኝ ነበር። ሌንሱን አስጣለችኝ፤ በየሁለት ሰዓቱ የሚደረግ ጠብታ አዘዘችልኝና እሷ እስክትፈቅድ መነጽር ብቻ እንዳደርግ ነገረችኝ።

እኔ ግን ሥራ ቦታ መነጽሬን አደርግና፣ እንድርያስ እንዳያየኝ መንገድ ላይ አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ። ለእሱ ሥራ በዝቶብኛል አልኩት። ሰው በሃያ ስድስት ዓመቱ እንዲህ ይጃጃላል።

ሐሙስ ዕለት ከታክሲ ወርጄ በዳበሳ ስሄድ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው ፊቴ ቆመ። አጠገቡ ረዘም ያለ ጥቁር ነገር አለ። መንገድ የዘጋሁባቸው መስሎኝ ገለል ብዬ አለፍኩ። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ።

«ሄራን፣ እናቴ እጇን ዘርግታልሽ ዘግተሻት አለፍሽ፤ እኔንም» አለኝ እንድርያስ። አልተቆጣም፤ አለመቆጣቱ ባሰብኝ። «ካልፈለግሽን በአፍሽ መናገር ትችያለሽ።»

ስልኩን ዘጋው። እናቱን፣ እትዬ አስቻለችን፣ ያስተዋወቀኝ ገና ባለፈው ወር ነው። እሳቸውን መንገድ ላይ ሰላም አለማለት ማለት ቤታቸውን በገዛ እጄ በራሴ ላይ መዝጋት ነው። እንድርያስ ደግሞ እናቱ ያዘኑበትን ሰው አያገባም። እሱን ላጣው መሆኑ ገባኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት መነጽሬን አድርጌ ወደ ቤታቸው የሚወስደውን የቀጨኔን ዳገት ወጣሁ። እትዬ አስቻለች በሩን ከፍተው እጃቸውን ሳይሰጡኝ «ግቢ» አሉኝ። እንድርያስ ሶፋው ላይ ተቀምጦ የተማሪ ደብተር ያርማል። ቀና ሲል መነጽሬን አየና እስክሪብቶው እጁ ላይ ቀረ።

ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ሌንሱን፣ የቧንቧውን ውኃ፣ ቁስሉን፣ መነጽሬን ከእሱ መደበቄን። ከዚያ መነጽሬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«አሁን የማየው ነጠላዎን ብቻ ነው፤ ፊትዎ አይታየኝም። ሐሙስ ዕለትም እንደዚሁ ነበርኩ» አልኳቸው።

እትዬ አስቻለች ጣታቸውን አውጥተው ስንት እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ።

«እንዳልጠላሽ ብለሽ ዓይንሽን ልታጠፊው?» አለ እንድርያስ።

«አዎ።»

«አምስት ወር ሙሉ አላመንሽኝም ማለት ነው።»

እውነቱን ነው። ይቅርታ ጠየቅሁት። እንደምወደውም እናቱ ፊት ነገርኩት። የጠብታዬ ሰዓት ደርሶ የስልኬ ማንቂያ ጮኸ። ጠርሙሷን ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ ክዳኗ ጠብቆ አልከፈት አለኝ።

እንድርያስ ተነሥቶ ወጣ። ጥሎኝ የሄደ መሰለኝ። ቀጥሎ ከጓሮ የቧንቧ ድምፅ ሰማሁ። በሳሙና የታጠበ እጁን በንጹሕ ፎጣ እያደረቀ ተመለሰ።

«ስንት ጠብታ?»

«አንድ። ጫፉ ዓይኔን እንዳይነካ።»

አገጬን ቀና አድርጎ ጎንበስ አለ። ያለ መነጽር ነገር ጥርት ብሎ የሚታየኝ እስከ አንድ ስንዝር ድረስ ነው። ፊቱ እዚያ ስንዝር ውስጥ ገባ። በደህናው ዓይኔ አየሁት፤ ሽፋሽፍቱን፣ ያልተላጨ ጢሙን፣ እንባ ያቀረረ ዓይኑን። ተቀይሞኛል፤ ይወደኛልም። ጠብታዋ ወደቀች። ዓይኔን ከጨፈንኩ በኋላም እጁን ከአገጬ ላይ አላነሣም።

«ቀጣዩ ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አሉ እትዬ አስቻለች።

«አሥራ አንድ ሰዓት።»

«እንግዲያው እስከ አሥራ አንድ የትም አትሄጂም» አሉና መነጽሬን ከጠረጴዛው አንሥተው፣ በነጠላቸው ጫፍ ወልውለው እጄ ላይ አኖሩልኝ።