ያልተቀመሰው ቅቤ

«ቅቤው የዛሬ ነው?»

«የዛሬ ነው ወንድሜ። ሙዝ አልተደባለቀበትም።»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነበር። ሐዳሳ በኮባ የተጠቀለለውን ቅቤ ለጴጥሮስ አቀበለችው። የሾኔ ገበያ ደርቷል። ለገበያተኛው እሱ ከሆሳዕና የመጣ ቅቤ ነጋዴ ነው፤ እሷ ደግሞ የእናቷን ቅቤ የምትሸጥ ልጅ። ለአለቃቸው ግን እሱ «ዝግባ»፣ እሷ «ጤዛ» ናቸው።

ቅቤው ውስጥ ፍሎፒ ዲስክ አለ። ዲስኩ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ብራውዘር። ኢንተርኔት በስልክ መስመር እየተንፏቀቀ በሚመጣበት በዚያ ዘመን፣ ሥዕሉን ትታ ጽሑፉን ብቻ ቶሎ የምታመጣ። ሚክያስ የሚባል ሠራተኛ ከድርጅታቸው ሰርቋት፣ አንድም ቅጂ ሳያስቀር ሾኔ ገባ። ገዢ እስኪመጣለት የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ከፈተ። ሐዳሳ ተማሪ መስላ ተጠጋችውና ዲስኩን መልሳ ሰረቀችው። ከእሷ በፊት የተላከው ሰው ጊቤ ወንዝ ዳር ሞቶ ነው የተገኘው።

ሚክያስ ከኋላዋ ብቅ አለ።

ጃንጥላ ዘረጋላት። ትከሻዋን ያዝ አደረጋት። እሷም ሳቀች።

ጴጥሮስ ያንን ሳቅ ያውቀዋል። ለእሱ ብቻ የምትስቀው ይመስለው ነበር። የሥራ ሳቅ ነው ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ፤ የቅናት ዛር ግን ምክር አይሰማም። ከፈለ፤ ቅቤውን አቀፈ፤ ሄደ።

አልቀመሰም።

በዚያ አገር የቅቤ ነጋዴ ኮባውን ገለጥ አድርጎ፣ በጣቱ ነካ አድርጎ፣ ሳይቀምስና ሳያሸት ብር አያወጣም። ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ነገር ነው።

ከመጋዘኖቹ ጀርባ ኮቴ ሰማ።

«ስማ!» ሚክያስ ነበር። አንድ እጁ ኮቱ ውስጥ ነው። «ሳይቀምስ የሚገዛ ነጋዴ ከየት መጣ?»

መልሱ ቀላል ነበር። ደንበኛዬ ናት፣ አምናታለሁ ቢል ይበቃው ነበር።

«ወይስ እጮኛዬን ፈልገህ ነው?»

እጮኛዬ።

ደሙ ፈላ። ከድታናለች፣ ቅቤው ውስጥም ምንም የለም አለ በልቡ።

«እጮኛህ?» አለ ጴጥሮስ። «ከአዲስ አበባ ተልካብህ የመጣች ናት። ዲስክህ ያለው ጉያዋ ውስጥ ነው። ሂድና ፈትሻት!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። የሚክያስ ፊት አመድ መሰለ። ዞሮ ወደ ገበያው ሮጠ።

መንገዱ ነፃ ሆነ። ጴጥሮስ የተገኘው መኪና ላይ ዘለለ።

ሆሳዕና፣ ኢልሃም ኢንተርኔት ቤት፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ ቅቤውን ፈለጠው። ፌስታል ወጣ። ፌስታሉ ውስጥ ዲስክ።

ነበረ።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተው። ሞደሙ ጮኸ። አጠገቡ ያለው ደንበኛ አንዲት ገጽ እስክትከፈትለት እንቅልፍ ወስዶታል። የጴጥሮስ ገጽ ግን ወንበሩን ሳያደላድል ከላይ እስከ ታች በጽሑፍ ተሞላ። ሐዳሳ አልከዳችም። የከዳት እሱ ነው።

ኢንተርኔቱን አቋርጦ የቤቱን ስልክ አነሳ።

«ቅቤው ደርሷል።»

«ንጹሕ ነው?» አለ አለቃው።

«ንጹሕ ነው።»

«ጤዛስ?»

«ቀረች» አለ።

«በል ዲስኩን አስረክብና ጥፋ። ዝግባ የሚባል ሰው ከአሁን በኋላ የለም።»

አስረከበ። ከዚያ መናኸሪያ ሄዶ ቆመ። ከሾኔ የመጣው መኪና ተሳፋሪውን አራገፈ። አንድ በአንድ አያቸው። የለችም። እስኪመሽ የመጡትንም ሁሉ አየ።

ዛሬ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም ይኖራል። ጎረቤቶቹ ዝምተኛ ነው ይሉታል፤ ከዚያ በላይ አያውቁትም። ሐዳሳ በሕይወት ትኑር አትኑር ድርጅቱም ሊያጣራ አልቻለም። የሚያውቀው ሚክያስ ብቻ ነው።

ጴጥሮስ በዚህም ይቀናበታል።