ለባርባ ቪኮ የተዘረጋው ወንበር

ባርባ ቪኮ ማቱልያ ሞቶ የተገኘው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ በመርከቧ ስምንተኛ ፎቅ፣ በክፍሉ በረንዳ፣ በተዘረጋ ወንበር ላይ ነው። ብርድ ልብስ እስከ ደረቱ ለብሷል፤ የሱፍ ቆቡ እስከ ጆሮው ወርዷል፤ ፊቱ ወደ ባሕሩ ዞሯል። ለምሳ ሊጠራው የሄደው አስተናጋጅ እንቅልፍ የወሰደው መስሎት ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ ጠራው። በሦስተኛው ትከሻውን ነካው።

«ጋሌብ» ገና ተሳፋሪ ያልጫነች አዲስ የመዝናኛ መርከብ ነበረች። ከሪየካ ወጥታ ለሁለት ቀን ሙከራ በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ትመላለስ ነበር። የሟቹ ሥራ መቀመጥ ነው። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ሶፋ ሲሰፋ ኖሮ በስተርጅና ሰው ከእጁ ይልቅ ወገቡን ማመን ጀመረ። በየክፍሉ እየገባ ሶፋው ላይ ይቀመጣል፣ አልጋው ላይ ይገላበጣል፣ የበረንዳውን ወንበር ይሞክራል። ከተመቸው ይፈርማል። እሱ ሳይፈርም የመርከቧ ባለቤቶች ዕቃውን አይረከቡም። በዚያ ዳርቻ ሽማግሌን «ባርባ» ማለት አጎቴ እንደማለት ነው፤ እሱን ግን የማይዛመዱት ሁሉ ከልባቸው ነበር እንዲያ የሚሉት።

ኢንስፔክተር ኔቨንካ ሲሊች በፖሊስ ጀልባ የደረሰችው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ቡራ የሚሉት ነፋስ ከተራራው እየተወረወረ ነበርና መሰላሉን እስክትይዝ ሦስት ጊዜ ዘለለች። አጭር፣ ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ እጇ የማያርፍ ሴት ናት። መርከቧ ላይ የሚረጋ ነገር አልነበረም፤ በር ይንኳኳል፣ ብርጭቆ ይንሸራተታል፣ ሰውም ከግድግዳ ግድግዳ ይንቆራጠጣል።

«ልቡ ነው» አለ ሐኪሙ። «ሰባት ሰዓት ላይ ሳየው ቀዝቅዞ ነበር። ያኔ ከሞተ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። አምስት ሰዓት ገደማ ማለት ነው።»

«ቆቡን አውልቀኸው አይተሃል?»

ሐኪሙ አላወለቀውም ነበር። እሷው አወለቀችው። ከማጅራቱ በላይ፣ ከፀጉሩ ሥር፣ የእንቁላል ግማሽ የሚያህል እብጠት ነበር፤ የደረቀ ደምም ነበረበት።

«ልቡ ከኋላ በኩል ነበር ለካ» አለች።

ከዚያ የወንበሩን እጀታ በጣቷ ጠረገችና ቀመሰችው። ጨው ነው። የአጥሩ ብረትም፣ ጠረጴዛውም፣ የበረንዳው መስታወትም በነጭ የጨው ብናኝ ተሸፍኗል። ብርድ ልብሱ ግን ንጹሕ ነው፤ ቆቡም እንደዚያው። አስከሬኑን አስነሥታ ከሥሩ ያለውን ፍራሽ በመዳፏ ዳሰሰች። እዚያም ጨው አለ።

«መርከቧ ጠዋት ይህን ጎኗን ነበር ለነፋሱ የሰጠችው?» ብላ ካፒቴኑን ጠየቀችው።

«እስከ አምስት ተኩል። ነፋሱ የባሕሩን ውሃ እንደ ጭስ ያነሳው ነበር። ከዚያ አዞርናት፤ ይህ ጎን ከለላ ሆነ።»

ኔቨንካ ሽማግሌውን ደግማ አየችው። ከወገቡ በስተኋላ አንዲት ያረጀች ትንሽ ትራስ ገብታለች። ከወንበሩ ፊት ያለ በርጩማ የቀኝ እግሩን ብቻ ደግፏል፤ ግራው ታጥፎ መሬት ረግጧል። የግራ እጁ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጥላሸት ነክቷቸዋል። ትራሷን አንሥታ ስፌቷን ወደ ብርሃን አስጠጋችው።

በዚያ ፎቅ የሚያድሩት ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ የክፍሎቹም ቁልፍ ያለው በእነሱ እጅ ነው።

የመጀመሪያዋ የክፍሎቹን ዕቃ የነደፈችው ሎቮርካ ሽቴፋኒች ናት። ኔቨንካ ስትገባ ሎቮርካ በመስኮትና በበር መካከል ትመላለስ ነበር። ኢንስፔክተሯ ሳትጋበዝ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ተነሥታም ወንበሩን ሞከረች።

«ትናንት ከባርባ ቪኮ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«አልተጣላንም። ሰደበኝ እንጂ። ‹ልጄ፣ ይህ ወንበር ለፎቶግራፍ ነው ወይስ ለቂጥ?› አለኝ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ።»

«እውነቱን ነበር?»

ሎቮርካ ቆም አለች። «ማታ ሄጄ ተቀመጥኩበት። ወገቤን አመመኝ። ዛሬ መደገፊያውን በሁለት ጣት ዝቅ አድርጌ ልነግረው ነበር።»

«እሱ እንዴት መቀመጥ ይወድ ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ካወቅሁት ሦስት ሳምንቴ ነው። ያነክሳል። የትኛው እግሩ እንደሆነ እንኳ አላስተዋልኩም።»

ሁለተኛው የባለቤቶቹ ወኪል ስቴልዮስ ካንዲሊስ የሚባል ግሪካዊ ነው። መቁጠሪያውን በጣቶቹ ያሽከረክራል፤ ሲወድቅበት ያነሳል፤ መልሶ ያሽከረክራል።

«ዘጠኝ ቀን ነው የቀረን» አለ። «በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሦስት ሺህ ሰው እዚህች መርከብ ላይ ይሳፈራል። ሰውዬው ደግሞ አልፈርምም እያለ ያስጨንቀኛል። እኔ ግን የማይፈርም ሽማግሌ ይሻለኛል እንጂ የሞተ ሽማግሌ ምን ያደርግልኛል?»

«ደህና ተናግረሃል። የት ነበርክ?»

«ከአራት ተኩል ጀምሮ እስከ ምሳ ካፒቴኑ አጠገብ ቆሜ ሳስታውክ። መላው የመርከቧ ሰው ሲስቅብኝ ነበር፣ ጠይቂያቸው።»

ሦስተኛው ማርያን ገርባትስ ነው፤ የሶፋና የፍራሽ ሥራው አለቃ። ከባርባ ቪኮ ሙያ የተማረ፣ ሠላሳ ዓመት አብሮት የሠራ፣ በመጨረሻም ልጁን ዶርያናን ያገባ ሰው ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያንቀጠቅጣል።

«ለባለቤትህ ተነግሯታል?»

«በስልክ። አባትሽ ዐርፏል አልኳት። ወደብ ላይ ትጠብቀናለች።»

«ጠዋት አይተኸዋል?»

«ቁርስ ላይ። ከዚያ እኔ ታች መጋዘን ነበርኩ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ኔቨንካ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና እንደ ሕፃን ሁለት ጊዜ ነጠረች። «ይመቻል። ምኑ ነው እንዲህ የሚያለሰልሰው?»

«ስፖንጁ ነው» አለ ማርያን፣ ጉልበቱም መንቀጥቀጡን አቆመ።

ኔቨንካ ወደ ሟቹ ክፍል ተመለሰች። የሶፋውን ትራሶች አንድ በአንድ እያገላበጠች ስፌታቸውን አየች። ሁሉም በማሽን የተሰፉ ናቸው፤ አንዱ ብቻ በሥሩ በኩል በእጅ ተሰፍቷል። በምላጭ ተረተረችው። ከስፖንጁ ላይ የመዳፍ ያህል ተቆርጦ ወጥቷል። ከአጠገቡ ሌላ ቁራጭ ቆረጠችና በረንዳው ላይ በክብሪት ለኮሰችው። ወዲያው ቦግ ብሎ ነደደ፤ እየቀለጠ ተንጠባጠበ፤ ጥቁር ጭሱም ጉሮሮዋን ዘጋው። እስክትረግጠው ድረስ ዓይኗ አነባ። በመጨረሻ ፍራሹን ገልጣ በአልጋው የብረት ጠርዝ ላይ እርጥብ ጨርቅ አሻሸች። ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ወጣ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም ከአጠገቡ ባለው ባዶ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ካፒቴኑና ሐኪሙም መጡ። በረንዳው ላይ አንድ ወንበር፣ አንድ በርጩማና ሁለት ትራሶች አስቀምጣለች።

«አንድ ነገር አስቸግራችኋለሁ» አለች። «ባርባ ቪኮ ደክሞት መጣ እንበል። ወንበሩን አመቻቹለት። ወይዘሮ ሎቮርካ፣ ከአንቺ እንጀምር።»

ሎቮርካ መደገፊያውን እስከ መጨረሻው ዘረጋችው፤ በርጩማውን መሐል ላይ አደረገች። ስቴልዮስ ሁለቱንም ትራሶች ራስጌ ላይ ከመረና «እናቴ እንዲህ ነው የምትወደው» አለ። ማርያን ተራው ሲደርስ ለጥቂት ጊዜ ወንበሩን ተመለከተ። ከዚያ በርጩማውን መሐል ላይ ሳበው፤ ሁለት እግር እንዲያርፍበት። የወገቡን ቦታ ባዶ ተወው።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«ሠላሳ ዓመት አብረኸው ሠርተህ የቀኝ ጉልበቱ እንደማይታጠፍ ረሳኸው?»

ማርያን ከወንበሩ ራቅ ብሎ ቆመ።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች ኔቨንካ፣ እየተንጎራደደች። «ጨው ላይ ነው የተቀመጠው፤ እሱ ላይ ግን ጨው የለም። ስለዚህ እስከ አምስት ተኩል ድረስ ወንበሩ ባዶ ነበር። ሐኪሙ ደግሞ አምስት ሰዓት ላይ ሞቷል ይላል። የሞተ ሰው በእግሩ ሄዶ አይቀመጥም። ሰው ተሸክሞ አስቀመጠው።»

«ማንም ሊሆን ይችላላ» አለ ስቴልዮስ።

«ማንም ቢሆን እናንተ እንዳደረጋችሁት ያደርገው ነበር። ይህን ያደረገው ሰው ግን የሚታመመውን እግር ለይቶ ደገፈ፤ ትንሿን ትራስ ፈልጎ ወገቡ ሥር ከተተ። ሽማግሌው ዐሥር ክፍል ዞሮ ሲደክመው እንዴት እንደሚያርፍ ያውቃል። እጁ ከልማዱ ሊወጣ አልቻለም። አሁን ግን እያሰበ ሲያደርገው፣ የሚያውቀውን አላውቅም አለ።»

ትንሿን ትራስና የተረተረችውን የሶፋ ትራስ ጎን ለጎን አደረገቻቸው።

«ይህችን ትራስ ባርባ ቪኮ ለራሱ ሰፍቷታል። ግራኝ ነበር፤ ጥላሸቱም ግራ እጁ ላይ ነው። ስፌቷ ወደ ግራ ያዘነብላል። የሶፋው ስፌት ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ግን አጠላለፉ፣ ርቀቱ፣ ቋጠሮው አንድ ነው። መምህርና ተማሪ ናቸው። ወይዘሮ ሎቮርካ ትነድፋለች እንጂ አትሰፋም። አቶ ስቴልዮስ የሸሚዙ ቁልፍ ቢበጠስ የሚተክለው አይመስለኝም።»

«አልተክልም» አለ ስቴልዮስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሽማግሌው ትራሱን ቀድዶ ከስፖንጁ ቆርጦ ለኮሰው። እኔም ለኩሼዋለሁ። እሳት እንዳይዘው ተደርጎ የተሠራው ስፖንጅ አይደለም። ስንት ክፍል ነው፣ ማርያን?»

ነፋሱ በሩን ገፋው፤ ካፒቴኑ በእጁ ያዘው።

«አራት መቶ» አለ ማርያን። «ትክክለኛው ስፖንጅ በሰዓቱ አልደረሰም። ቀኑ ተቆርጧል፣ መሥሪያ ቤቱ ይጮኽብኛል። ተራውን አስገባሁ። በኋላ ቀስ እያልኩ እለውጠዋለሁ ብዬ ነበር። እሱ ግን ገና ሲቀመጥበት ታወቀው። በቂጡ ታወቀው። ለኮሰና አሳየኝ። ‹ሦስት ሺህ ሰው ተኝቶበት?› አለኝ። ካፒቴኑ ጋ ልሂድ አለ። ክንዱን ይዤ ጎተትኩት። ያቺ እግሩ ከዳችው፤ ጭንቅላቱ የአልጋውን ብረት መታ።»

«ሞቶ ነበር?» አለች ኔቨንካ።

ማርያን መዳፎቹን አየ።

«ይተነፍስ ነበር።»

ሐኪሙ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ተራመደ። «እኔ እኮ ሁለት ፎቅ ወደ ታች ነበርኩ። በአራት ደቂቃ እደርስ ነበር።»

«አውቃለሁ። ብጠራህ ግን የተቀደደውን ታያለህ። መጀመሪያ ልስፋው አልኩ። ቶሎ እጨርሳለሁ ብዬ። ክሩ ሁለት ጊዜ ተበጠሰብኝ። ስጨርስ ትንፋሹ አልነበረም። ከዚያ ብዙ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መሬት ላይ ልተወው አልቻልኩም።»

ሎቮርካ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ካፒቴኑ ምንም ሳይናገር ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ መርከቧ ወደ ሪየካ ስትዞር ወለሉ አዘነበለ፤ ባዶው ወንበር በረንዳውን አቋርጦ ተንሸራተተ።

ወደብ ሲደርሱ ገና ብርሃን ነበር። ሎቮርካና ስቴልዮስ መርከቧ ላይ ቀሩ፤ የአራት መቶውን ክፍል ትራስ ለማውረድ በዚያው ጀምረው ነበር። ኔቨንካ ማርያንን ይዛ በመወጣጫው ወረደች። ካቴና አላሰረችውም።

ዶርያና ጥቁር ሹራብ ለብሳ ከሰው ለብቻዋ ቆማ ነበር። ባሏን ስታይ ሮጠችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «ብቻውን ነበር?» አለችው እያለቀሰች። «በማርያም ንገረኝ፣ ብቻውን ነበር የሞተው?»

የማርያን እጆች ወደ ጎኑ ተንጠልጥለው ቀሩ።

«ብቻውን አልነበረም» አለ።

«ማን ነበረ?»

ኔቨንካ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ራቀች። አጠገባቸው የዓሣ አጥማጆች አግዳሚ ወንበር ነበር። ማርያን የሚስቱን ክንድ ቀስ አድርጎ ከአንገቱ አላቀቀና ወደዚያ አመለከታት።

«ዶርያና፣ መጀመሪያ ተቀመጪ።»

እሷ ፊቱን አየችው። ከዚያ ኢንስፔክተሯን አየች፤ ከዚያ ደግሞ ባሏን። ማልቀሷን አቆመች።

«አልቀመጥም» አለች። «እንደቆምኩ ንገረኝ።»