ቤቱን ለማን አሳመርከው?

በሩን ሲከፍትልኝ እጁ እስከ ክርኑ አፈር ነበር። ግንባሩ ላይ ቢጫ ቀለም ተለቅልቋል። ከኋላው ደግሞ ጭስ!

«መጋረጃ ልለካ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«እሺ፣ ግቢ... ይግቡ!» አንቺ ይበለኝ አንቱ ግራ ገባው።

«ይቅርታ፣ የሚቃጠል ነገር የለም?»

«ኧረ ምንም የለ... ወይኔ ሽንኩርቴ!»

ወደ ወጥ ቤት ሮጠ። እኔም ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ከኋላው። መጥበሻውን በባዶ እጁ ሊያነሳ ሲል «ተው!» ብዬ ጮህኩና እሳቱን አጠፋሁት። ሽንኩርቱ ከሰል ሆኗል። ሁለታችንም ለቀብር እንደመጣ ሰው ዝም ብለን አየነው።

«እንቁላል በቲማቲም ልሠራ ነበር» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። «ከሁሉ የሚቀለው እሱ ነው ሲሉኝ...»

ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑ ጭራሽ ይጠፋል። ጉዴ የጀመረው እዚያው ነው።

ከታላቅ እህቴ ጋር መጋረጃና የአልጋ ልብስ የምንሰፋባት ጠባብ ሱቅ አለችን። ሠላሳን ካለፍኩ ቆይቻለሁ። አንድ ጊዜ ታጭቼ ነበር። እጮኛዬ ሌላ ሴት ማግባቱን የሰማሁት መጋረጃ ልታሰፋ ከመጣች ደንበኛ አፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ወንድ ሲስቅልኝ ፊቴን አዞራለሁ። የዚያን ቀን ግን ማዞሩን ረሳሁት።

ሰውየው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። የጠዋቱን ፈረቃ ጨርሶ ቤቱን ሲያድስ ይውላል። ብርዱ አልፎ የበጋው ሙቀት ገና መግባቱ ስለነበር መስኮቶቹን ሁሉ ከፋፍቷቸዋል። ሳሎኑ ውስጥ አንድ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ብቻ! ግድግዳው ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ የድሮ ግራጫ። ጓሮ ደግሞ መሬቱን ቆፍሮ የቲማቲም ችግኝ፣ ሰላጣና ናና ተክሏል። በአጥሩ ሥር አበባ።

«መጋረጃውም ቢጫ ይሁንልኝ» አለ። «ቢጫ ነው የምትወደው። ከመምጣቷ በፊት ካልደረሰ አለቀልኝ!»

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«በወሩ መጨረሻ። አንዳንዴ ሳስበው እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።»

ሙሽራ! ሌላ ምን ይሆናል? መስኮቱን ለካሁ። ተሳስቼ ደግሜ ለካሁ።

ሱቅ ስመለስ እህቴ አየት አደረገችኝና «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» አለችኝ።

«ፀሐይ መትቶኝ ነው፣ እትዬ።»

«ይሄ ፀሐይ መልከ መልካም ነው?»

የልኬቱን ወረቀት አቀበልኳት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሄድኩ። መጋረጃ ልሰቅል፣ ትራስ ላደርስ... አንዳንዴም ያለ ምክንያት። የቀረውን ግድግዳ አብረን ቀባን። እሱ ላዩን፣ እኔ ታቹን። ሲደክመን ጓሮ ወጥተን ዳቦ ላይ ቲማቲም ከትፈን፣ ዘይትና ጨው ጣል አድርገን በላን። ኪያር በእርጎ መሥራት አሳየሁት። ናናውን እሱ ይቀነጥሳል፣ እኔ እከትፋለሁ። ስለ ተሳፋሪዎቹ ሲያወራኝ በሳቅ እፈርሳለሁ። ከዚያ ትዝ ይለኛል። ይሄ ሁሉ ለሌላ ሴት ነው።

አንድ ቀን ችግኞቹን ውሃ እያጠጣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለኝ። «ሴት ነሽና ታውቂያለሽ። ስታየኝ... ትወደኝ ይሆን?»

ደሜ ፈላ።

«እኔ መጋረጃ ሰፊ እንጂ አማላጅ አይደለሁም! ራስህ ጠይቃት!»

ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ከኋላዬ «ምን አጠፋሁ?» ሲል ሰማሁት። ዞሬ አላየሁም።

ቀሪውን የአልጋ ልብስ እህቴ ታድርስልኝ ብዬ ለመንኳት። «ራስሽ የጀመርሽውን ራስሽ ጨርሺ» ብላ እጄ ላይ አስታቀፈችኝ። ልኬቱን እሱ ልኮላት የሰፋችው እሷ ነበረች፣ እኔ አላየሁትም። መኝታ ክፍሉ ገብቼ ስዘረጋው ግን ደርቄ ቀረሁ። አዲስ የገባችው አልጋ ትንሽዬ ናት! ርዝመቷ እስከ ደረቴ ቢደርስ ነው።

«ሙሽራህ አጭር ናት እንዴ?» አልኩት።

«የምን ሙሽራ?»

«ቢጫ የምትወደዋ!»

ትንሽ አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። ሳቁ ግን ሳያልቅ ተቆረጠ።

«ልጄ ናት» አለ። «ስድስት ዓመቷ ነው።»

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። ሚስቱ በአጭር ሕመም ስትሞት ልጅቷ ገና አፏን መፍታቷ ነበር። እሱ ቤቱ ውስጥ መቀመጥ አቃተው። ተደራራቢ ፈረቃ እየወሰደ መንገድ ላይ ዋለ፣ መንገድ ላይ አመሸ። አማቱ መጥተው ልጅቷን ወሰዱ።

«አልከለከልኳቸውም» አለኝ። «እኔ እኮ እንኳን ልጅ ራሴንም አላበላም ነበር። አሁን ግን... እንግዳ ሆኜባታለሁ። ስሄድ ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ትደበቃለች። አማቴን ለምኜ ለምኜ፣ ለትምህርት ዕረፍቷ ሊያመጧት፣ እንደ ቤት ሆኖ ካገኙትም ሊተዉልኝ ነው። ካልሆነ ግን በቃ።»

በገዛ ቅናቴ አፈርኩ። እጁን ያዝኩት። አላሸሸውም።

«ትወድሃለች» አልኩት። «ማን ይጠላሃል?»

ቀና ብሎ አየኝ። ሁለታችንም የተናገርኩት ስለ ልጅቷ ብቻ እንዳልሆነ ገባን።

ቀኑ ደረሰ። ልጅቷና አያቷ ሊመጡ የነበረው ወደ ማታ ነበር። እኔም ራቱን አብሬው ሠርቼ፣ ቤቱን አስተካክዬ ልሄድ ነው ሐሳቤ። ሩዝ በአትክልት ጣድኩ። ቀሚሴ እንዳይቆሽሽ ብዬ ከጓዳው በር ጀርባ የተሰቀለ የወጥ ቤት ሽርጥ አየሁና አደረግኩት። የደበዘዘ ሰማያዊ ነው። ኪሱ ተቀዷል።

እሱ ናና ይዞ ከጓሮ ገባ። ሲያየኝ ቆመ።

«ምነው?»

«ም... ምንም» አለ።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ቀድመው መጥተዋል!

ልጅቷ እየሮጠች ገባች። «አባዬ! ቢጫ ነው! መጋረጃውም ቢጫ!» እየጮኸች ከክፍል ክፍል ትዘላለች። ከአያቷ ቀሚስ ኋላ አልተደበቀችም። የአባቷን ፊት ብታዩት!

አያትየው ወጥ ቤቱ በር ላይ ደረሱ። ዓይናቸው ደረቴ ላይ ተተከለ።

«ይሄን ሽርጥ ማን አለበሰሽ?»

«በሩ ላይ ተሰቅሎ አግኝቼ ነው፣ እማማ። እኔ...»

«የልጄ ነው። እኔ ነኝ የገዛሁላት። አውልቂው።»

ቋጠሮው አልፈታ ቢለኝም እንደምንም አውልቄ ወንበር ላይ ያሉት ጨርቆቼ ላይ ጣልኩት። እሳቸው ወደ እሱ ዞሩ።

«ቤቱን ለማን ነው ያሳመርከው? ለልጅህ ነው ወይስ ለእሷ?»

ናናውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። «መጋረጃ ሰፊዋ ናት» ቢል ይበቃ ነበር። «እወዳታለሁ» ቢልም እኔ አብሬው እቆም ነበር። አንዱንም አላለም። ልጅቷ «አያቴ፣ አልሄድም!» እያለች ስታለቅስ ተወሰደች።

ቤቱ ጭር አለ። ሩዙ ምድጃው ላይ ይንጣጣል።

«ዛሬ ባትመጪ ኖሮ...» አለ ሳያየኝ።

«ጨርሰው።»

«ባትመጪ ኖሮ ልጄ አሁን እዚህ ነበረች።»

ጨርቆቼን ሁሉ ሰብስቤ ቦርሳዬ ውስጥ ጠቀጠቅኩና ወጣሁ። ፀሐዩ፣ መንገዱ፣ ሰዉ... ምንም አልታየኝም።

ሽርጡን ያገኘሁት ሱቅ ገብቼ ቦርሳዬን ስገለብጥ ነው። ከጨርቆቼ ጋር አብሮ መጥቷል። አጥቤ ተኮስኩት። ኪሱን ልሰፋው መርፌ አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩ።

እሱ ደውሎ ነበር። አላነሳሁም። በእሱ አውቶቡስ መስመር መሄድም ተውኩ። እህቴ ታየኛለች፣ ግን ዝም ትላለች። ለካስ ዝምታዋ ከጥያቄዋ ይከፋል! በመጨረሻ አልቻልኩም። ሽርጡን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ የአያትየውን ቤት እያጠያየቅኩ ሄድኩ።

ሰገነታቸው ላይ አተር እየፈለፈሉ አገኘኋቸው። ልጅቷ ጎረቤት ሄዳ ትጫወታለች። ሲያዩኝ ፊታቸው ተቋጠረ፣ ግን ወንበር አሳዩኝ።

ሽርጡን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩ። ፈቱት። ኪሱን በጣታቸው ዳሰሱ።

«አንቺ ሰፊ አይደለሽ? ለምን አልሰፋሽውም?»

«እሷ የቀደደችው ነው፣ እማማ። ልነካው አልደፈርኩም።»

ቀና ብለው አዩኝ። ሽርጡን አጥፈው «ለምን መጣሽ?» አሉ።

«ለራሴ አይደለም። ስለ እሱ ልነግርዎት ነው። ያ ቤት የተሠራው ለልጅቷ ነው። እኔ ሳልመጣም ግድግዳውን ጀምሮት ነበር። እንቁላል መጥበስ የማይችል ሰው ስንት መጥበሻ ነው ያሳረረው! ፀጉሯን ልሥራላት ብሎ በመወልወያ ክር ላይ ጉንጉን ሲለማመድ አግኝቼዋለሁ።»

እጃቸው አተሩ ላይ ቆመ።

«በመወልወያ?»

«በቤት መወልወያ! ወንበር ላይ አስቀምጦት!»

ሳቁ። እየሳቁ ዓይናቸው እንባ ሞላ። በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ ጨካኝ አይደለሁም» አሉኝ። «ሽርጡን ሳየው ልጄ ቆማ መሰለችኝ። ከዚያ ስትዞሪ አንቺ ሆንሽብኝ። ደግሞስ ትንሿን ከሰጠሁት... እኔ ከማን ጋር ልቀር ነው?»

አተሩን አብሬያቸው መፈልፈል ጀመርኩ።

«ልጅቷን ይውሰዱለት፣ እማማ» አልኩ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ ችግሩ ካሉ፣ እዚያ ቤት ዳግመኛ እግሬ አይረግጥም። ቃሌ ነው።»

«ትወጂዋለሽ?»

«አዎ» አልኩ።

«ወደሽው ነው የምትተይው?»

«ልጁን አሳጥቼው ከእሱ ጋር ብኖር ምን ኑሮ ይሆናል?»

ተነስተው እስከ ደረጃው ሸኙኝ።

ልጅቷን ወሰዱለት። ይህንን የነገረኝ ራሱ ሱቃችን ድረስ መጥቶ ነው። ከስቷል። እህቴ ክር ልገዛ ብላ ወጣች። ሱቁ ሙሉ ክር ነው!

«አማቴ ሁሉንም ነገሩኝ» አለ። «እኔ ፈሪ ነኝ። ሽርጡን ለብሰሽ ሳይሽ መናገር ነበረብኝ። አንቺን ላለማሳፈር ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ደግሞ የራሴን ጥፋት አንቺ ላይ ጫንኩት። ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ።»

«እንግዲያው ነይ...»

«አልመጣም። ለእማማ ቃል ገብቻለሁ።»

«እኔስ?»

«አንተ ልጅህን አሳድግ። ሂድ፣ እባክህ... ሳላለቅስ ሂድ!»

ሄደ። ያን ቀን መርፌ ስንቴ እንደወጋኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ያ ጊዜ ክፉ ነበር። ሰው ሁሉ ጓሮውን ያስውባል፣ ወንበር ደጅ አውጥቶ ይቀመጣል። እኔ የሰው ደስታ እየለካሁ እሰፋለሁ። ልጅቷን አንድ ቀን በእሱ አውቶቡስ መስኮት በኩል አየኋት። ፀጉሯ ተንሻፎ ተጎንጉኗል። ከአባቷ ኋላ ተቀምጣ ታወራለች፣ ታወራለች። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

ሙቀቱ በደንብ ሲበረታ አያትየው ሱቃችን በር ላይ ቆሙ። ደረጃውን ወጥተው ተንፍሰው እስኪጨርሱ ጠበቅናቸው።

«መጋረጃ ፈልጌ ነው» አሉ። «ቢጫ እንዳይሆን። ቢጫ ሰለቸኝ።»

«ለየትኛው ቤት ነው፣ እማማ?»

«ለልጅቷ ቤት ነዋ! በጓሮው በኩል ያለው ክፍል ባዶ ነው። መጥተው ይግቡ ብሎኛል፣ እኔም ልገባ ነው። ሰውየው ሩዝ ሲሠራ ልጅቷን ከረሃብ የሚያድናት ሰው ያስፈልጋል።»

ሳቅኩ። ከዚያ ትዝ አለኝና ሜትሩን ለእህቴ ዘረጋሁላት። «እሷ ትለካልዎታለች።»

«አንቺን ነው የፈለግኩት።»

«እኔ እኮ ቃል...»

«ቃሉን የሰጠሽው ለእኔ አይደል? መለስኩልሽ!» አሉ ቆጣ ብለው። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ስንት ቀን ጠበቅኩሽ መሰለሽ። በጓሮ በር ተደብቀሽ ትመጫለሽ ብዬ። ሳታታልዪኝ ቀረሽ። እንግዲህ ነይ።»

እህቴ ከኋላ ገፋችኝ።

ከእማማ ጋር ጓሮው በር ላይ ስደርስ እሱ ቲማቲሙን በእንጨት እየደገፈ ነበር። አየኝ። አማቱን አየ። እንደገና እኔን።

«መጥተሽ ነው... ወይስ ልትሄጂ ነው?»

«አሁን ከአንተ ልስማ» አልኩት። «የዚያን ቀን ያልመለስከውን ጥያቄ።»

እጁን በሱሪው ጠረገ። አማቱ ቆመው፣ ልጁ ቆማ ነው የተናገረው።

«ቤቱን ያሳመርኩት ለልጄ ነው። የምኖርበት ግን ካንቺ ጋር እንዲሆን ነው የምፈልገው። እወድሻለሁ።»

አያትየው ወደ አበባው ዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ልጅቷ ሄዳ እጃቸውን ያዘች።

ተጋባን። ቀላል አልነበረም፣ አልዋሻችሁም። የሟቿ ፎቶ ሳሎን ውስጥ ነው፣ የሰቀልኩትም እኔ ነኝ። አንዳንድ ቀን እማማ ሳያናግሩኝ ይውላሉ። አንዳንድ ቀን እሱ ፎቶዋን ሲያይ አገኘውና በጓሮ በኩል እዞራለሁ። እማማ «ልጄ» ብለውኝ አያውቁም። ዛሬም «ሰፊዋ» ነው የሚሉኝ። ትንሿ «ሰፊ አይደለችም፣ ቀጭን ናት እኮ!» እያለች ሁላችንንም ታስቃለች።

ባለፈው ደንበኛ በዝቶብኝ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር ቤት የደረስኩት። በሩ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ትንሿ ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን ስትከፍት ሰማሁ።

«አያቴ፣ ይሄን ልብላው?»

«ተይ፣ ክደኚው!» አሉ እማማ። «የሰፊዋ ነው። ሳትበላ ነው የዋለችው።»