ተራራው ላይ የቀረ እስትንፋስ

አውሮፕላኑ ለቻይና ጦር ጭነት አድርሶ፣ በረዷማ ተራሮችን ተሻግሮ አሳም ካለው የጦር ሰፈሩ ሲያርፍ፣ የሬዲዮ ሠራተኛው ዶይል የኦክስጅን ጭምብሉን እንዳጠለቀ ወንበሩ ላይ ነበር። ረዳት አብራሪው ሌላንድ ትከሻውን ቢነካው ወደ ጎን ተዘነበለ። በድን ነው።

ሌላንድ ዶይልን ትናንት ምግብ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እገድልሃለሁ!» ብሎታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን የስቅላቱ ገመድ የሚፈልገው የእሱን አንገት ነው።

መርማሪው ሻምበል ፕሩት ወሬ አያበዛም። የሟቹን ጭምብል አውልቆ ቱቦውን ዳሰሰ። ቀጥሎ የሌሎቹን ሦስት የበረራ ሠራተኞች ጭምብሎች ከተሰቀሉበት አንሥቶ ጨመቃቸው፤ ከሁሉም ውሃ ተንጠባጠበ።

«በሕይወት እያለ መጨረሻ ያየው ማነው?»

«እኔ» አለ ዋና አብራሪው ሃስኬል። «መውረድ ስንጀምር ዞር ብል፣ እስትንፋሱ ቱቦው ውስጥ የሠራውን በረዶ እየጨመቀ ይሰባብራል። እዚያ ላይ የሁላችንም ሥራ ይኸው ነው።»

መካኒኩ ቴልማን ሌላንድን በዓይኑ ጠቆመ። «እኔ ከኋላ ጭነቱ ጋ ነበርኩ። ትናንት እገድልሃለሁ ባዩን ለምን አይጠይቁትም?»

«እህ፣ አንተስ?» አለ ፕሩት ወደ ሌላንድ ዞሮ።

ሌላንድ ሁለቱን መልሶች መዘነ። በረራ ላይ መተኛት በጦር ፍርድ ቤት ያስቀጣል። ነቅቼ ነበር ካለ ደግሞ፣ ሁለት እርምጃ ላይ ሰው ሲሞት እንዴት አላየም?

«ተኝቼ ነበር፣ ጌታዬ።»

ሃስኬል ትከሻውን ቸብ አደረገው። «ይማሩት፣ ድካም ነው።»

ፕሩት ሦስቱንም የአውሮፕላኑ ክንፍ ሥር ሰበሰባቸው።

«በረዶው እዚህ ሙቀት ውስጥ ቀልጦ የሦስታችሁም ጭምብል ረጥቧል። የዶይል ግን ደረቅ ነው። ማንም አልተነፈሰበትም፤ ከሞተ በኋላ ያጠለቁለት ትርፍ ጭምብል ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የራሱን የተነጠቀ ሰው ለመጮህም አቅም የለውም።»

«ታዲያ ማነው?» አለ ቴልማን።

«ደረቅ ቱቦ ውስጥ በረዶ አየሁ ያለው ነዋ! ሃስኬል፣ ረዳትህ ሲያንቀላፋ መሪውን ለአውቶማቲክ ማብረሪያው ትተህ፣ በእጅ የምትያዘውን ትንሿን የኦክስጅን ጠርሙስ ይዘህ ተነሣህ። ስትነጥቀው ጭምብሉ ሳይቀደድብህ አልቀረም፤ በመስኮት ጣልከው። ግን ለምን?»

 «ዶይል የጦሩን መድኃኒት ቻይና ውስጥ እንደምሸጥ ደርሶብኝ ነበር» አለ ሃስኬል። ከዚያ ወደ ሌላንድ ዞረ፤ ድምፁ እንደቅድሙ የወዳጅ ነው። «እንቅልፍህን አመስግን፣ ወንድሜ። ነቅተህ ቢሆን ኖሮ ሁለት ሬሳ ይዤ ነበር የማርፈው።»

 የሌላንድ እጅ ሳያዘው ተነሥቶ አፍና አፍንጫውን ዳሰሰ።