የኤይናር ቀኝ መዳፍ

ኤይናር ስቴፋንሰን በሕይወቱ ለማንም መንገድ ለቆ አያውቅም። ሞቶም ያው ነበር፤ የዓሣ ማጨሻ ቤቱን በር ከውስጥ ተደግፎ ስለቀረ፣ ልጁ ስቫላ የውጭውን መቀርቀሪያ ስባ በሩን ስትከፍት እግሯ ላይ ወደቀ። ፊቱ በላዩ ከተሰቀሉት ዓሦች እኩል ጠይሞ ነበር።

ራግና ከጊምሊ ከተማ ተነሥታ በሐይቁ ዳር መንገድ እዚያ ስትደርስ ሬሳው በሸራ ተሸፍኖ በረዶው ላይ ተጋድሟል። ራግና የድንገተኛ ሞት መርማሪ ናት። ከዚያ በፊት ግን ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነበረች፤ ሥራዋም የታመመ ሰው የሸሚዙን ቁልፍ እንዲቆልፍ፣ ማንኪያ እንዲይዝ፣ ጫማውን እንዲያስር ማለማመድ ነበር። ስለዚህ ሰውን የምታስታውሰው በፊቱ ሳይሆን በእጁ ነው። ሰው ደግሞ እሷን የሚያስታውሳት በምላሷ ነበር።

«ጭስ ነው የገደለው» አላት ሳጅን ፕሩት። «የጭስ ማውጫው ተደፍኗል፤ በሩ ከውጭ ተቀርቅሯል። ይህንን የነገረችን ራሷ ስቫላ ናት።»

«መቼ ሞተ?»

«ሐኪሙ አላውቅም ብሏል። ሬሳው ምድጃ ውስጥ እንዳለ ዳቦ ሲሞቅ ቆይቶ ሰዓቱን እንዴት ልናገር ነው የሚለው። እኛ ግን እናውቃለን። ወንድ ልጁ ሌይፉር ጎህ ሲቀድ ጨብጦት ነው ከበረዶው ሥር መረብ ሊያነሣ ወደ ሐይቁ የወጣው። ከዚያ በኋላ እዚህ ግቢ ከስቫላ በቀር ማንም አልነበረም።»

«ለምን ትገድለዋለች?»

«ትንሿ ልጇ መላ አካሏ በልዟል። ትምህርት ቤቱ አይቶ አመልክቷል። ሽማግሌው ይደበድባታል፣ እናቲቱ በቃኝ አለች። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛዋ መጥታ ልጅቷን ትወስዳለች። እናቲቱን ደግሞ እኔ።»

«ቶሎ ጨርሰሃል» አለችው ራግና፤ ሸራውንም ገልጣ ተንበረከከች።

የኤይናር ግራ እጅ ባዶውን ነው። የጣቶቹ አንጓ ቆዳ ተልጧል፤ የበሩ ስንጥር ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ቀኝ እጁ ግን ጣቶቹን ሁሉ ባንድ ላይ በሚሸፍን ወፍራም የሱፍ ጓንት ውስጥ ሆኖ ብብቱ ሥር ተሸጉጧል። ራግና በቀስታ ጎትታ አወጣችውና ጓንቱን አወለቀች። ከሥሩ ነጭ የፕላስቲክ መደገፊያ ነበር፤ ከክንድ እስከ ጣት ጫፍ እጁን ቀጥ አድርጎ ያሰረ። መዳፉ ላይ ደርቀው ነጥብ ነጥብ የሆኑ የመርፌ ቀዳዳዎች አየች።

አገሩ በሙሉ የኤይናርን ቀኝ እጅ ያውቃል። በነዚህ የአይስላንድ ዘሮች መካከል ከቤተሰብ ስም ጋር የሚወረስ በሽታ አለ፤ ከመዳፍ ቆዳ ሥር ያለው አያያዥ ሕብረ ሕዋስ እንደ ገመድ እየወፈረ ጣቶችን ወደ ውስጥ ይጎትታል። የኤይናርም የቀለበትና የትንሿ ጣት ከመዳፉ ጋር ተጣብቀው ብዙ ዓመት ኖረዋል። አሁን ግን ቀጥ ብለዋል። ራግና ጓንቱን መልሳ አለበሰችውና ይህን እጅ ማንም እንዳይነካ አዘዘች።

«ምን አገኙ?» አላት ሳጅኑ።

«እጅ» አለችው።

ወጥ ቤት ውስጥ ስቫላ እንደቆመች ነበር፤ ወንበር አጠገቧ እያለ አልተቀመጠችም። ልጇ ሄርዲስ ጠረጴዛው ሥር ተደብቃ ሥዕል ትስላለች። እርሳሱን የያዘችው በጭብጧ ነው።

«ይመታት ነበር?» አለች ራግና።

«የአባቴ ዱላ ምላሱ ነው። ‹አጥንት የሌላት ዓሣ› ይላታል። ብርጭቆ ከእጇ በወደቀ ቁጥር ይስቅባታል፤ እንግዳ ካለ ደግሞ ጠርቶ ያሥቅባታል። እጁን ግን አንሥቶባት አያውቅም። እንዲያውም እሷ ናት እጁን የምትፈራው። ‹ጥፍር› ነው የምትለው። አንድ ቀን ሊያቅፋት ሲል ጮኻ ሸሸችው።»

«ምን አለ?»

«ምንም። እራቱን ሳይበላ ተኛ።»

ራግና ከጠረጴዛው ሥር አጎንብሳ «ሄርዲስ፣ እስቲ አውራ ጣትሽን አሳይኝ» አለች። ልጅቷ አውራ ጣቷን ወደ ኋላ አጥፋ ክንዷ ላይ አስተኛችው።

«አያምሽም?»

«አያምም። አፊ ግን ያስጠላል ይላል።» አፊ የምትለው አያቷን ነው።

«ይቺ የበለዘችውስ፣ ምን መታሽ?»

«በር። ያኛው ጠረጴዛ። ይሄ ደግሞ እንደገና በር።»

ራግና የክንዷን ቆዳ በሁለት ጣት ያዝ አድርጋ ሳበችው። ከሚገባው በላይ ተሳበና ተመለሰ። አንድ ቤት ውስጥ አያቱን የሚያስረው ክር ጠብቆ፣ የልጅ ልጁን የሚያያይዘው ላልቶ መኖሩ አስገረማት።

«ትናንት እራት ላይ ምን ተባለ?» ብላ ወደ ስቫላ ዞረች።

«ዋሲልም ነበር፣ ጎረቤታችን። አባቴ ድንገት ተነሥቶ፣ ‹በጋ ሲመጣ የጀልባዬን መሪ እኔው በዚህ እጄ እይዛለሁ። ጀልባዬን ለዓሣ አንጀት አላወርስም› አለ፤ ሌይፉርን እያየ። ጀልባዋን ሊሰጠው ድሮ ነው ቃል የገባለት። ዋሲል ሳቀ። እኔም… እኔም ሳቅሁ።» ከንፈሯን ነከሰች። «ሌይፉር ብቻ አልሳቀም።»

ዋሲል ግቢው ውስጥ የበረዶ መኪናው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ከኤይናር ጋር መረብ ሲጥል ያረጀ ሰው ነው፤ ሲያለቅስ ቆይቶ ፊቱ ቀልቷል።

«እኔን ሳይጨብጠኝ ነው የሞተው፣ ራግና» አላት። «ታውቂያለሽ አይደል? ወንድሙ ከሱ ጋር ተጣልቶ ሳይጨባበጡ ወጥቶ በረዶው ተሰብሮ ከሰመጠ ወዲህ፣ ኤይናር ማንንም ሳይጨብጥ ወደ ሐይቁ አይሰድም። ትኩሳት ይዞት እንኳ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይወጣል። ዛሬ አልወጣም።»

«ለምን እንደቀረ አልጠየቅህም?»

«ሌይፉርን ጠየቅሁት። ‹እኔን ጨብጦኛል፤ አንተን ትናንት ስለሳቅህበት አኩርፎሃል› አለኝ። እኔም ተናድጄ ሞተሩን አስነሣሁ። ወርጄ ብጠራው ምን ነበረበት?»

ሌይፉር ጀልባዋ ክረምቱን የምታሳልፍበት መጠለያ ውስጥ ነበር፤ የጀልባዋን ጎን እየዳሰሰ። ትልቅ ሰው ነው፤ ድምፁ ግን ለስላሳ።

«ራግና፣ ይቅርታ፣ እጄ ቆሻሻ ነው» አላት። «ምን ልንገርዎት? ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ጨበጠኝ። ያቺ የተቆለመመች ጣቱ እንደ ሁልጊዜው መዳፌን ወጋችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስትወጋኝ ኖራለች። ከዚያ ወደ ማጨሻ ቤቱ ሄደ፤ እኔ ወደ ዋሲል።»

«በጓንቱ ነው የጨበጠህ?»

«ጓንት አድርጎ ማን ይጨብጣል? አውልቆ ነው፤ በባዶ እጁ።»

«ቤት ውስጥም አያወልቀውም ሲሉ ሰማሁ።»

«ውርጭ መታኝ ይላል። ሞተር ላሠራ ብሎ ከተማ ሄዶ ከተመለሰ ጀምሮ ነው። እርጅና፣ ምን ይደረግ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስቫላን አይጨክኑባት። ልጇን አይታ ነው።»

ራግና መኪናዋ ውስጥ ገብታ ስልክ ደወለች። ሴልከርክ ከተማ የምትሠራ ጆዜት የምትባል ቴራፒስት አለች፤ በራግና እጅ የሠለጠነች። ራግና የእጅ መደገፊያውን አሠራር አይታ ነው የጆዜት ሥራ መሆኑን ያወቀችው።

«አዎ፣ የኔ በሽተኛ ነው» አለች ጆዜት። «ገመዱን ሐኪሙ በመርፌ በጠሰለት። ጣቶቹ ተዘርግተዋል፤ ልምምዱንም አንድ ቀን አላጎደለም። ለቤተሰቡ እንዳትነግሩ ብሎ አስምሎናል። መደገፊያውን የሚያደርገው ለመኝታ ብቻ ነው፤ ሲነጋ አውልቆ እጁን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ይነክራል። ምነው?»

«በዚህ እጅ ምን ማድረግ ትፈልጋለህ ብለሽ ጠይቀሽዋል?»

«መጀመሪያ ጠይቁ ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ? ሁለት ነገር ነገረኝ።»

ጆዜት ሁለቱን ነገሮች ነገረቻት። ራግና ስልኩን ዘግታ ከመኪናው ወረደች።

የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛዋ ስትመጣ ሁሉም ወጥ ቤት ተሰበሰቡ። ሴትየዋ ካፖርቷን አላወለቀችም። ስቫላ ሄርዲስን አቅፋለች፤ ሳጅኑ በሩ ላይ ቆሟል፤ ዋሲልና ሌይፉር ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል።

«በልጅቷ እንጀምር» አለች ራግና ለሴትየዋ። «ይቺ ልጅ አልተመታችም። አያያዥ ሕብረ ሕዋሷ የላላ ነው። መጋጠሚያዎቿ ያለ ልክ ይታጠፋሉ፤ ቆዳዋ ይሳባል፤ ትንሽ ነገር ሲነካት ትበልዛለች። ክንዷ የት እንዳለ በደንብ ስለማይሰማት ከበር ጋር ትጋጫለች። የምትፈልገው ወፍራም እርሳስና ጡንቻዋን የሚያጠነክርላት ሰው ነው። ሐኪም አይቷት ካላረጋገጠ እኔን ክሰሽኝ። ሳጅን፣ የስቫላ ምክንያት ያልከው ይህ ነበር። አሁን የለም።»

ሴትየዋ ብዕሯን ኪሷ ከተተች።

«ቀጥሎ ሬሳው። ኤይናር ሲሞት ቀኝ እጁ ላይ የመኝታ መደገፊያ ነበረ። ሲነጋ የሚያወልቀው ነገር ነው። ስለዚህ ሳይነጋ ነው የሞተው። ከአልጋው ያስነሣው ምን ይሆን? ሌሊት ተነሥቶ የሚወጣለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ‹እሳቱ ተበላሽቷል፣ ዓሣው ሊቃጠልብህ ነው› ቢባል። ልብሱን ደርቦ ወጣ፤ በሩ ተቀረቀረበት።»

«ሌሊት ከሆነማ ሁላችንም እዚሁ ነበርን» አለ ሌይፉር።

«ልክ ነህ። ሁላችሁም ነበራችሁ። ግን ሬሳ ጨበጠኝ ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሳጅኑ ወደ ሌይፉር ዞረ።

«ጎህ ሲቀድ ባዶ እጁን ጨበጠኝ አልከኝ። የተቆለመመች ጣቱ ወጋችኝ አልክ። ጣቱ እኮ አልተቆለመመም፣ ሌይፉር። ከተማ ሄዶ አስበጥሶታል። ጓንቱ ያንን መደበቂያ ነበር። አንተ ዋሲል እንዳይጠራጠር አባትህ ጨበጠኝ ማለት ነበረብህ፤ በዚህ ቤት ሳይጨብጡ መውጣት የለምና። ስትዋሽ ደግሞ ከልጅነትህ የምታውቀውን እጅ አሰብክ።»

«ታዲያ አላኮረፈኝም?» አለ ዋሲል።

«አላኮረፈህም። ሞቶ ነበር።»

ዋሲል ፊቱን በቆቡ ሸፈነ።

«አደጋ እንዲመስል ጠዋት መቀርቀሪያውን መሳብ ነበረብህ፤ ድፍረት አጣህ» ስትል ራግና ቀጠለች። «አባትህ በሩ ሥር እንደሚሆን ታውቅ ነበር። ስለዚህ የቀረቀረው ሌላ ሰው መሆን ነበረበት፤ ቤት የምትቀረው እህትህ ናት። ‹አይጨክኑባት› ስትለኝ እኔ ግን ጭካኔውን ሰማሁ።»

ስቫላ ወንድሟን አየችው። ልጇን አጥብቃ ያዘች።

የሌይፉር ለስላሳ ድምፅ ጠፋ። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» አላት። «ዕድሜዬን በሙሉ እሱ ሲሰድበኝ መረቡን ስስብ የኖርኩት እኔ ነኝ። በሰው ፊት ነጠቀኝ። በዚያ ጥፍሩ መሪ ሊይዝ! በሩን ሲደበድብ ሰምቼዋለሁ። ያ የኔ ተራ ነበር።»

«በግራ እጁ ብቻ ነው የደበደበው» አለች ራግና። «ግራው ተልጧል። ቀኙን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሞተ። ሊተርፍ ቢችል ያንን እጅ ለሁለት ነገር ይፈልገው ነበር፤ ለቴራፒስቷ ነግሯታል። አንደኛው፣ ‹የልጅ ልጄን ጉንጭ ሳላስደነግጣት በሙሉ መዳፌ መያዝ እፈልጋለሁ› የሚል ነው።»

ሄርዲስ አንገቷን ቀና አደረገች። «ጥፍሩ ጠፍቶ ነበር?»

«ጠፍቶ ነበር» አለቻት ራግና። ወደ ሌይፉር ስትዞር ፊቷ ላይ ርኅራኄ አልነበረም፤ ልትደብቅለትም አልፈለገችም። «ሁለተኛው፣ ‹በረዶው ሲሰበር ጀልባዋን ለልጄ ሳስረክበው በተዘረጋ እጅ ልጨብጠው እፈልጋለሁ፤ እስካሁን ስወጋው ነው የኖርኩት› ነው ያላት። ትናንት የተናገረው ቀልድ ነበር። ክፉ ቀልድ፤ ሌላ ዓይነት አያውቅም። ድንገት እጁን ዘርግቶ ሊያስደንቅህ ነበር።»

«ውሸት ነው» አለ ሌይፉር።

«ጆዜት ፍርድ ቤት ቀርባ ትነግርሃለች።»

ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ። ሌይፉር ለመነሣት ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተደገፈ። ራግና ከልማድ የተነሣ እጁን አየች። የቀለበት ጣቱ አንጓ ከእንጨቱ ከፍ ብሏል፤ ሲጫነው እንኳ መዳፉ ሙሉ በሙሉ አልተኛም። የአባቱ ገመድ እሱንም ጀምሮታል። በጊዜ ቢታይ ብዙ ሊደረግለት ይችል ነበር።

ራግና ይህን አልነገረችውም። ጓንቷን አድርጋ ወጣች።