ከገጽ 193 እስከ 200

አርብ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ነበር። ታናሽየዋ እህት ሰዓቱን የማትረሳው ሻዩን ይዛ ስትገባ የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብላ አይታ፣ «ወይ ጉዴ፣ ዛሬስ አረፈድኩባት» ብላ ስለነበር ነው።

እትዬ መስኮቱ ሥር ባለው የቆዳ ወንበሯ ላይ ነበረች። መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ፣ መጽሐፉ ጭኗ ላይ፣ እርሳሷ በጣቶቿ መካከል። ታናሽየዋ የእትዬን እጅ ነካች። ቅዝቃዜው በጣቶቿ ገብቶ እስከ ክርኗ ወጣ። ሻዩ ወለሉ ላይ ተደፋ፤ እሷ የሰማችው ግን የብርጭቆውን ስብራት ሳይሆን የራሷን ጩኸት ነበር።

ሐኪሙ ነገሩን ለመናገር ብዙ አልፈጀበትም። እትዬ በየቀኑ ከምሳ በኋላ የምትውጠው የልብ ኪኒን በሰውነቷ ውስጥ ከልኩ ብዙ እጥፍ ተገኝቷል። ጎረቤቷ ነርሷም የኪኒኑን ጠርሙስ ቆጥራ ሃያ ፍሬ መጉደሉን አረጋገጠች። የሞተችው ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ተባለ።

ታናሽየዋን ያስጠረጠራት ግን መጽሐፉ ነበር።

እትዬ ልቦለድ አንባቢ ነበረች፤ ያውም የፍቅርና የስፖርት። ቦክሰኛው መምህርቷን፣ ዋናተኛዋ የባላንጣዋን ወንድም ካላገቡ መጽሐፉን ወርውራ ሦስት ቀን ታኮርፋለች። ከሰፈሩ መጽሐፍ አከራይ እየተከራየች፣ ሲያስቃትም ሲያናድዳትም ሰዓቱን ጠቅሳ በእርሳስ ዳሩ ላይ ትጽፋለች። አከራዩ መጀመሪያ ይቆጣ ነበር። ኋላ ደንበኞቹ «የእሷ እጅ ያረፈበትን ካልሰጠኸን» ማለት ሲጀምሩ አፉን ያዘ።

በዚህኛው መጽሐፍ የመጨረሻው ማስታወሻ እንዲህ ይላል፦ «9:40። ያቺ ፍጹም ቅጣት ምት! ሲያድናት አለቀስኩ።»

ጉዳዩን መጀመሪያ የያዘው ወጣት ፖሊስ ማስታወሻውን በጣቱ እየመታ፣ «ዘጠኝ ከአርባ ላይ በሕይወት ነበረች» አላት። «አንቺ ከዘጠኝ ጀምሮ ቤት ውስጥ ብቻሽን ነበርሽ። ስገባ ተኝታ ነበር ብለሻል። ሰው ተኝቶ ይጽፋል?»

«ከኋላዋ ነው ያየኋት... አንገቷን ዘንበል አድርጋ ነበር። እንዳልቀሰቅሳት ብዬ ልብስ ማጠብ ጀመርኩ።»

«በአባታችሁ ቤት ውርስ ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«እህትማማች አይጣላም እንዴ?» አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ጉዳዩን የተረከቡት መርማሪ መጡ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር የቀራቸው፣ አጭር፣ የሹራባቸው አንድ ቁልፍ የጎደለ ሴት ነበሩ። ሰው ሲያዩዋቸው ሽንኩርት ሊገዙ የወጡ ይመስላሉ። ወንበሩን አዩ፤ መሬቱን አዩ፤ ማድ ቤት ገብተው ቆይተው ወጡ።

«አንቺ ልጅ፣ አርብ ስትመጪ ማድ ቤቱ እንዴት ነበር?»

«የምሳው ሳህን አልታጠበም ነበር። አንድ ብርጭቆ ብቻ ታጥቦ ተደፍቷል። የብርቱካን ጭማቂ የምትጠጣበት።»

«እህትሽ ናት ያጠበችው?»

«እትዬ? እሷ ካጠበች ሁሉንም ነው የምታጥበው። ጋሼ ደግሞ ብርጭቆ የት እንደሚታጠብም አያውቅ።»

ጋሼ የምትለው የእህቷን ባል ነው፤ የሰፈሩ ሰው በሙሉ «አሰልጣኙ» ነው የሚለው። የእግር ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ነው። አርብ ምሳውን በልቶ ሰባት ተኩል ላይ ወጥቷል፤ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሜዳ ላይ እንደነበር ሃያ ሁለት ተጫዋቾች መስክረውለታል።

መርማሪዋ መጽሐፉን ዘርግተው ሰጧት። «ዓይኔ ደክሟል። የእሷን ብቻ አንብቢልኝ።»

ታናሽየዋ ማንበብ ጀመረች። «ገጽ 12። ገና ሳይተዋወቁ እጇን ያዘ። ባለጌ። ግን ደስ አለኝ። ገጽ 47። ሦስት ምዕራፍ ሙሉ ተኳርፈዋል። ስልክ የላቸውም? ገጽ 88። ዝናብ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። የዚህ አገር ግብ ጠባቂ ጃንጥላ አያውቅም። ገጽ 103። ጨዋታው ምራቅ ያስውጣል፤ ፍቅሩ ግን ጨው ያንሰዋል።» ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። የእትዬ ድምፅ እኮ ነው። ከወረቀት ወጥቶ ቤቱን ሞላው።

ገጽ 150 ላይ ስትደርስ ቀና ብላ መርማሪዋን አየች።

«አንብቢው እንጂ።»

«አሰልጣኙ የሐኪሙን ወረቀት ደበቀ። ልቡ የታመመውን ልጅ ሊያሰልፈው ነው። እኛ ቤት መሳቢያ ውስጥም እንዲህ ያለ ወረቀት አለ። ለባሌ ነግሬዋለሁ። ቅዳሜ ለሞተው ልጅ እናት እሰጣታለሁ።»

ከሰባት ወር በፊት የጋሼ ቡድን ተከላካይ በጨዋታ መሃል ወድቆ መሞቱን አገር ያውቃል። መርማሪዋ ተነሥተው መሳቢያዎቹን ሁሉ ከፈቱ። የሐኪም ወረቀት የለም።

«ይህን ለማንም እንዳትተነፍሺ» አሏት። «ለእሱም ጭምር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእነ ጋሼ ጋር የምትኖርበት ቤት ጠበባት። ጋሼ ደግ ሆነ። እህል እንድትቀምስ ይለምናታል፤ በሯን አንኳኩቶ «ደህና ነሽ?» ይላታል። እሷ በሩን ቆልፋ ወንበር ታስደግፋለች። የሰራ አካላቷ ጆሮ ሆኖ ነበር። ብትሸሽ ገዳይ ሆና ልትቀር ነው፤ ብትቀመጥ ደግሞ ከማን ጋር እንደተቀመጠች ፈራች።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰቡ። አከራዩ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ እያሽከረከረ፣ የቤቱ ትርፍ ቁልፍ ያላት ነርሷ ከሥራ ልብሷ ጋር፣ ጋሼ ጥቁር ኮቱን ለብሶ። ወጣቱ ፖሊስ በሩ ላይ ካቴናውን ይዞ ቆሟል። የታናሽየዋ ዓይን ከካቴናው ላይ አልነሣ አለ።

ጋሼ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድቶ አቀበላት። «ጠጪ እንጂ፣ ከንፈርሽ ደርቋል።»

ተቀበለች። አልጠጣችም። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ውሃውን ታየዋለች።

መርማሪዋ ጀመሩ። «ኪኒኑን ማግኘት የሚችል ብዙ ነው። ሲስተር ቁልፍ አለሽ።»

«እኔ እኮ እስከ አሥራ አንድ ክሊኒክ ነበርኩ! መዝገቡ ይታይ!» ነርሷ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ታይቷል፤ ተረጋጊ። እንግዲህ ማስታወሻው እውነት ከሆነ የቀረችው ይቺ ልጅ ናት። ነገር ግን አሥር ሰዓት ከአምስት ላይ የእህቷን እጅ ስትነካ ቅዝቃዜው እስከ ክርኗ ወጣባት። ሰው በሃያ አምስት ደቂቃ እንዲያ አይቀዘቅዝም።»

«የእሷ ቃል ነው» አለ ወጣቱ ፖሊስ።

«የእሷ ቃል ነው። ስለዚህ ወደ መጽሐፉ ልሂድ። ጋሼ፣ እርስዎ ልቦለድ ያነባሉ?»

«ኧረ እኔ ኳስን በሜዳ እንጂ በወረቀት አላውቃት» አለ ጋሼ። «የሴት ጨዋታ ነው። በእሷም ስስቅባት ኖሬያለሁ።»

«እኔም አዲስ ነኝ። እስቲ ከተሳሳትኩ አርሙኝ። ማስታወሻው ላይ ያለችው ፍጹም ቅጣት ምት በመጨረሻው ደቂቃ ተመታች። ግብ ጠባቂው ወደ ቀኝ ተወርውሮ በቀኝ እጁ...»

«በግራ!» አለ ጋሼ። «ቀኝ ትከሻው ወልቆ በምን ጉድ በቀኝ ያድናል? እንዲህ ያለ ነገር...»

ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ቆመ። የአከራዩ ባርኔጣም መሽከርከሩን ተወ።

ሠላሳ ዓመት ሜዳ ዳር ቆሞ የኖረ ሰው፣ ጨዋታ ተዛብቶ ሲወራ ዝም ማለት አይሆንለትም። መርማሪዋ ይህን ያወቁት እሁድ ሜዳ ሄደው ተጫዋቾቹን ሲያነጋግሩ ነበር።

ጋሼ ቶሎ አገገመ። «ምን ያስደንቃል? ሚስቴ ነግራኝ ነው። ያነበበችውን ሁሉ ምሳ ላይ ትተርክልኛለች።»

ታናሽየዋ ተስፋ ቆረጠች። እውነት ነው፤ እትዬ መተረክ ትወድ ነበር።

«ይህችን ግን አልተረከችልዎትም» አሉ መርማሪዋ። መጽሐፉን ከፍተው ለሁሉም አሳዩ። «ይህ ገጽ 192። ፊት ለፊቱ ስንት ይላል?»

ነርሷ አጎንብሳ አየች። «201።»

«መሃሉ ተገንጥሏል። ፍጹም ቅጣት ምቷ ያለችው ከ193 እስከ 200 ባለው ውስጥ ነው። አከራዩ፣ ይንገሩን።»

አከራዩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሐሙስ መጥታ ጮኸችብኝ። ‹ልቤን አንጠልጥለህ ታከራያለህ ወይ!› አለችኝ። የሆነ ጎረምሳ ነው የገነጠለው። ሁለተኛውን ቅጂ ቅዳሜ አመጣልሻለሁ አልኳት። ‹እስከዚያ አንዲት መስመር አልሻገርም፤ ማንም እንዳይነግረኝ› ብላ ምልክቷን እዚያው ሰክታ ሄደች።»

«ሁለተኛው ቅጂ የት ነበር?»

አከራዩ መሬት መሬት አየ። «የአንባቢ ምስጢር አላወጣም ነበር፤ ማን ምን እንደሚያነብ... ግን አሰልጣኙ ጋ ነው። ሁልጊዜ በጋዜጣ ጠቅልሎ ነው የሚወስደው። ‹ሚስቴ እንዳትሰማ› ይለኛል። ሐሙስ ማታ ደውዬ መልስልኝ ብዬው ነበር። ምስክር መሆኔ አይቀርም ብዬ ፈራሁ፣ ዝም አልኩ።»

መርማሪዋ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኪኒኑን በብርቱካን ጭማቂ አሟሙተው አጠጧት። ስታሸልብ ብርጭቆዋን ብቻ አጠቡ። ከዚያ መጽሐፉን ምልክቷ ላይ ከፈቱ። በግራ በኩል ኳሷ ልትመታ ነው፤ በቀኝ በኩል ቡድኑ እየጨፈረ ነው። እርስዎ ሙሉውን ስላነበቡ ጉድለቱ አልታየዎትም፤ መሃሉን ከልብዎ ሞሉት። በእጇ ጽሕፈት አስመስለው ያልደረሰችበትን ሰዓት ጻፉላት። ባላነበበችው አስለቀሷት። ታሪኩን ስለሚያውቁት ደግሞ ወደ ኋላ አልገለጡም። ገጽ 150ን ቢያዩ ኖሮ መጽሐፉን ያቃጥሉት ነበር።»

ገጹን አነበቡለት። ጋሼ አልካደም፣ አላመነም። «ቡድኑ ይፈርስ ነበር» ብቻ አለ። ከዚያ ወደ ታናሽየዋ ዞሮ፣ «አንቺን ይለቁሻል ብዬ ነበር» አላት።

ያን ጊዜ ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ። በአራት ቀን ውስጥ ሁለተኛው ነበር። ወለሉ ላይ የፈሰሰው በኋላ ተመረመረ፤ ውሃ ብቻ ነበር።

የሐኪሙ ወረቀት ሜዳው ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ፣ በጋዜጣ በተጠቀለለው ሁለተኛው ቅጂ መሃል፣ በገጽ 150 ተሰክቶ ተገኘ። ለምን እንዳላቃጠለው ማንም አልጠየቀውም። ዋናው ወረቀት ፖሊስ ጋ ቀረ፤ ለታናሽየዋ ግልባጭ ሰጧት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ታናሽየዋ ግልባጩን ይዛ የተከላካዩን እናት በር አንኳኳች። ሴትዮዋ ራሳቸው ከፈቱላት።