ጋውኑ የዋጠው ስልክ ቁጥር

የምነግራችሁ ታሪክ ጥሬ ሐቅ ነው፤ ቅንጣት ጨምሬበት ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ። መርማሪዋ «ንስሯ» የተባለችውም በከንቱ አይደለም፤ መኪና ጥሎት ከሄደው አቧራ ብቻ ሹፌሩ ከሚስቱ ጋር መጣላቱን የምታውቅ ሴት ናት።

የልብ ሕመም የነበረባቸው አዛውንት ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናቸው አጠገብ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። አምቡላንስ ያለው ክሊኒክ ከቤታቸው ጀርባ ነው። የክሊኒኩ ድረ ገጽ በልጃቸው ስልክ ላይ ተከፍቷል፤ የተደወለ ጥሪ ግን የለም።

«ለምን አልደወልሽም የኔ እናት?» አለች ንስሯ።

«ቁጥር የለውማ» አለች ልጅቱ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ይህን ሲሰማ ጣራ እስኪሰነጠቅ ጮኸ። ግድግዳ በሚያክል ኮምፒውተር ገጹን ከፈተ፦ በቀኝ በኩል የቆመ ሐኪም ፎቶ፣ ከሐኪሙ ጎን ሰማያዊ ግድግዳ፣ ግድግዳው ላይ በነጭ የተጻፈ የአምቡላንስ ቁጥር።

«ይኸውልዎት! ጨረቃ ላይ ሆነው ያነቡታል!»

ገጹን የሠራው ወጣት ግን ከኋላ ተቀምጦ ላብ አጥምቆታል።

«አንተስ ወንድሜ፣ በስልክ አይተኸዋል?» አለችው ንስሯ።

«አይቻለሁ... ፎቶውን።»

ንስሯ ይህችን «ፎቶውን» ጠቅልላ ኪሷ ከተተቻትና የሐኪሙን ፎቶ ወዳነሳው ባለሙያ ዞረች። «ሥራህ አምሮልሃል?»

«አሁንማ አምሯል። ስልክ ላይ የሰውዬውን ግማሽ ፊት ቆርጠውት ስንት ተጨቃጨቅን መሰለሽ!»

ልጅቱን አስጠርታ ሁሉንም እንግዳ መቀበያው ክፍል ሰበሰበች። የልጅቱን ስልክ ከፍ አደረገች።

«ስልክ ጠባብ ነው፤ ፎቶው ከግራና ከቀኝ ይቆረጣል። ድሮ ፊቱ ግማሽ ነበር፤ ዛሬ ሙሉ ነው። ስለዚህ ፎቶውን የጎተተው ሰው አለ። ሐኪሙ ወደ መሐል ሲገባ ሰማያዊው ግድግዳ ወጣ፤ ከቁጥሩ ሥር የቀረው የሐኪሙ ነጭ ጋውን ነው። ነጭ ጽሑፍ በነጭ ጋውን ላይ!»

ጋውኑን በጣቷ ተጭና ስትቆይ ስልኩ የተደበቀውን ጽሑፍ መረጠው፤ ቁጥሩም ቀለም ለብሶ ብቅ አለ።

«እኔ ነኝ» አለ ወጣቱ። «ፊቱን ሳስተካክል ሁላችንም ያየነው ፊቱን ብቻ ነው።»

«እኔን እዚህ ውስጥ አትክተተኝ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«"አሁን ገና ሰው መሰለ" ብለው ያጨበጨቡት እርስዎ አይደሉ እንዴ? ይሁን፣ እጁ የኔ ነው። ሰው ገድያለሁ። ከእንግዲህ ይህን ሥራ አልነካውም።»

ቦርሳውን አንስቶ ወደ በሩ ሲያመራ ልጅቱ እጅጌውን ያዘችው።

«አንተ አይደለህም» አለች በቀስታ። «የአምቡላንሱን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ። ተኳርፈን ነበር። አባዬ ሲጠራኝ እየሰማሁ ዝም አልኩት። ገጹን የከፈትኩት ከሞተ በኋላ ነው፤ "ፈልጌ ነበር" ለማለት።»

ንስሯ ስልኩን ከፍ እንዳደረገች ቀረች።

«ቁጥሩ እንደሌለ ሳይ» አለች ልጅቱ፣ «ቀለለኝ።»